ቀሚስ ጭኖ ዶርዜ የወጣው ብስክሌት

ጎልማሳ ሰው ብስክሌት ሲነዳ ማየት ብዙ ሰው ይከብደዋል። ልጅ ቢነዳ ጨዋታ ነው፤ ሙዝ ጫኝ ቢነዳ ሥራ ነው። ጸጉሩ ሸበት ያለ፣ ሆዱ ከቀበቶው ቀድሞ የሚሄድ የባዮሎጂ መምህር ሲነዳ ግን ሰውየው አንድ ነገር ደርሶበታል ማለት ነው። ሐኪም «ተንቀሳቀስ» ብሎኝ ብስክሌት የገዛሁ ሰሞን፣ አርባ ምንጭ ውስጥ ከሲቀላ ሰፈር ወደ ሴቻ የሚወስደውን ዳገት እያለከለክሁ ስወጣ ያየኝ ሁሉ፣ ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር ሰላም የሚለኝ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌማ ጭራሽ እጄን ይዘው «በርታ፣ ያልፋል» አሉኝ። «አሜን» አልኩ። ምን ልበል? እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? በዕድሜዬ እንደዚያ ተደስቼ እንደማላውቅ ለማን ይነገራል?

ደስታዬ የገባት ጎረቤቴ ሰናይት ብቻ ናት። ሰናይት ከደብረ ብርሃን ለትምህርት መጥታ፣ በምህንድስና ተመርቃ፣ ሥራ ስትጠብቅ አርባ ምንጭን ለምዳ የቀረች ልጅ ናት። የስፌት መኪና አላት። ለእንጀራዋ የሰው ሱሪ ታሳጥራለች፣ ቀሚስ ትሰፋለች፤ ልቧ ያለው ግን የብስክሌት ቦርሳ ላይ ነው። አንድ ጊዜ በከተማችን ያለፉ አገር አቋራጭ ብስክሌተኞች ቦርሳቸውን በየቦታው አንጠልጥለው አይታ ነው የተለከፈችው። ከዚያ ወዲህ ያረጀ የአይሱዙ ሸራ እየገዛች አጥባ ትቆርጣለች፤ ከጋራዥ ያገኘችውን የመኪና ቀበቶ ማንጠልጠያ ታደርገዋለች፤ ውሃ እንዳያስገባ ስፌቱን በሻማ ታሸዋለች። የቦርሳውን አፍ እንደ ዱቄት ከረጢት ጠቅልላ በዘለበት ትቆልፈዋለች። ሠርታ በጨረሰች ቁጥር በአጥሩ በኩል ብቅ ትልና «ጋሼ፣ ይህችን ደግሞ ይሞክሩልኝ» ትለኛለች።

እሞክራለሁ። መሪው ላይ አንድ፣ ኮርቻው ሥር አንድ፣ በኋላ ጎማ ግራና ቀኝ ሁለት ትልልቅ ቦርሳዎች። ብስክሌቴ ከእኔ የበለጠ ኪስ ነበረው። ያየ ሁሉ «እንዴት ያምራል!» ይላል። አድንቆ ይሄዳል። የሚገዛ ግን የለም።

ሰናይት ማርታ የምትባል ጓደኛ አለቻት፤ ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል ሲያድሩ የተዋወቁ፣ እንደ እህትማማች የሆኑ ናቸው። ማርታ የዶርዜ ልጅ ናት፤ ከከተማችን በላይ ተራራው ላይ ያለችው የሸማኔዎች አገር። ልታገባ ስትነሳ አባቷ አቶ ማዳልቾ የሠርግ ቀሚሷን ጨርቅ በገዛ እጃቸው ሸመኑ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ስለጀመረ፣ ከዚህ በኋላ እንዲህ ያለ ቀጭን ሥራ እንደማይሠሩ ተናግረው ነው የሸመኑት። ጨርቁ ከተራራው ወረደ፤ ሰናይት ቀሚስ አድርጋ ሰፋችው። ቀሚሱ ደግሞ ከሚዜዎቹ ልብስና ከሙሽራዋ ጫማ ጋር በሠርጉ ዋዜማ በመኪና ሊወጣ ነበር።

በዋዜማው ዝናብ ጣለ። ዝናብ ስላችሁ ዝም ብሎ ዝናብ እንዳይመስላችሁ፤ ተራራው ራሱ ወደ ታች የሚመጣ ነበር የሚመስለው። በማግስቱ፣ በሠርጉ ዕለት ጠዋት፣ ሰናይት ዓይኗ ቀልቶ አጥሩ ጋ ቆማለች።

«ጋሼ፣ ዳገቱ ላይ መሬት ተንዶ መንገዱን ዘግቶታል። መኪና አያልፍም። ሞተረኞቹም ሞክረው ተመለሱ።»

«በእግርስ?»

«ያን ሁሉ ልብስ ተሸክሜ? ስደርስ ማርታ ልጅ ወልዳ ትጠብቀኛለች።»

ሁለታችንም ብስክሌቱን አየነው። ማን ቀድሞ እንዳየው እስከ ዛሬ እንከራከራለን።

ቀሚሱን በአንሶላ ጠቅልላ አንደኛው ትልቅ ቦርሳ ውስጥ አስገባችው፤ የሚዜዎቹ በሌላው ገባ፣ ጫማው መሪው ላይ። ሙዝ ሊጭን ወደ ላንቴ የሚሄድ አይሱዙ ከእነ ብስክሌቱ አሳፍሮ የዳገቱ መነሻ ላይ ጣለን። ከዚያ ወዲያ በጉልበት ሆነ። ረገብ ባለው ቦታ እነዳለሁ፣ ሰናይት ከኋላ ትሮጣለች፤ ዳገት ሲሆን እኔ እጎትታለሁ፣ እሷ ትገፋለች። ናዳው ጋ ስንደርስ ቦርሳዎቹን ፈትተን በትከሻችን አሻገርን፤ ተመልሰን ደግሞ ብስክሌቱን አሻገርን። ያን ጊዜ ነው ቦርሳ በአንድ ዘለበት መፈታቱ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ።

ከናዳው አልፈን ጥቂት እንደሄድን ዝናቡ እንደገና ወረደ። ሰናይት ቆመች።

«ጋሼ፣ ልክፈተውና ልየው። በእውነተኛ ዝናብ ሞክሬው አላውቅም።»

«እስከ ዛሬ?»

«በባልዲ ውሃ ነው የሞከርኩት።»

«ከከፈትሽው ይረጥባል። ካልከፈትሽው ምናልባት አይረጥብም። በምናልባት እንሂድ።»

ይህን እንደ ፈላስፋ ተናግሬ ሳልጨርስ እግሬ ከዳኝ። እኔ ወደ ግራ፣ ብስክሌቱ ወደ ቀኝ፤ የቀሚሱ ቦርሳ ከሥር ሆኖ ቀይ ጎርፍ ውስጥ ገባ። ሰናይት ጮኸች። እንዲህ ያለ ጩኸት ለእኔ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ ሮጣ ያነሳችው ግን ቦርሳውን ነው። እያለቀሰች በሻሿ ጠረገችው፤ አልከፈተችውም። ከዚያ ብስክሌቱን አንስተን ወደ ላይ ገፋን።

ዶርዜ ስንደርስ ከቤተ ክርስቲያኑ የሚመጣው መዝሙር ይሰማል። ሰናይት ስንነሳ ደውላ ስለነበር፣ መዘምራኑ እስክንደርስ ጊዜ እንዲያራዝሙልን ሰዎች ለምነዋቸው ያንኑ መዝሙር ይደጋግሙታል፤ ሙሽራው ራሱ መዘመር ጀምሯል አሉ። ማርታ እቤት ናት። ጸጉሯ ተሠርቷል፣ ጌጧ አምሯል፤ ከአንገቷ በታች ግን የወንድሟን ጃኬት ለብሳ ትንቀጠቀጣለች። እኛን ስታይ ሳቀች፤ በጭቃ የተለሰነውን ቦርሳ ስታይ ሳቋን አቆመች።

ሰናይት ተንበርክካ ዘለበቱን ፈታች፤ የተጠቀለለውን ሸራ ዘረጋች። እጇን አስገብታ ዳሰሰች።

«ደረቅ ነው» አለች። ማንም ያልሰማት መስሏት ደግማ ጮኸች፣ «ደረቅ ነው!»

እልልታው እስከ መዘምራኑ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም፤ መዝሙሩ ወዲያው ተቀየረ። ማርታ ቀሚሱን ለብሳ ስትወጣ አቶ ማዳልቾ እጃቸውን ዘርግተው የሸመኑትን ጠርዝ ነኩት፤ ልጃቸውን ግንባሯን ስመው አለቀሱ። ከዚያ ወደ ሰናይት ዞሩ።

«አንተ ልጄ» አሏት፤ ሽማግሌው ሲወዱ ሴትም ወንድም አይለዩም፤ «ይሄን ተሸክመህ መጣህ፤ አንተም የእኔ ልጅ ነህ።»

ሰናይት ከእኔ ብሳ አለቀሰች። እኔ ጭቃዬን እንደለበስሁ ተቀምጬ፣ ቆጮውን በቅቤና በዳጣ በርበሬ እየበላሁ፣ በጭፈራው መሐል ሁለት ጊዜ ተጎትቼ ገባሁ። ብቃቴ አስደነገጠኝ።

የሠርጉ ወሬ ከሙሽሮቹ ቀድሞ ወረደ። መዘምራኑ ለድምፅ ማጉያቸው ቦርሳ አዘዙ። ሸማኔዎቹ ጋቢያቸውን ገበያ የሚያወርዱበት አዘዙ። አንድ የጨንቻ ሽማግሌ ለበቅሏቸው ግራና ቀኝ የሚንጠለጠል ፈለጉ፤ የበቅሏን ወገብ ለመለካትም ሰናይት ራሷ ወጣች። አሁን ሁለት ሴቶች ቀጥራ ታሠራለች፤ የስፌት መኪናው ድምፅ ቀኑን ሙሉ አይቆምም።

ባለፈው ሳምንት የመሪዬ ቦርሳ ማንጠልጠያ ተበጥሶ ይዤላት ሄድኩ። ከሸራ ክምር መሐል ቀና አለች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችኝ ከልቧ አዝና፣ «ሥራ በዝቶብኝ፣ የብስክሌት ቦርሳ ትቻለሁ።»

መንገዱን ሁሉ ብቻዬን እየሳቅሁ ወደ ቤት ነዳሁ፤ ቦርሳውን በጥርሴ ይዤ።