የክቡር ስንት-ነው የረቡዕ ጉብኝት

ሳይገዛ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም፤ ካለም ሱቅ ያልደረሰበት ነው። የእኛ ሰፈር ጠያቂ ግን እንዲህ በዋዛ የሚታዩ አይደሉም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት የገበያ ዋጋ ሲሰበስቡ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ ጡረታ መውጣታቸውን ግን እስከዛሬ ለእግሮቻቸው አልነገሩም። ሰፈሩ ክቡር ስንት-ነው ይላቸዋል።

ክቡርነታቸው ረቡዕ ረቡዕ ክራቫታቸውን አስረው፣ ደብተራቸውን ይዘው ይወጣሉ። አናታቸው ላይ አንዲት ፀጉር ሳትኖር ፀጉር አስተካካዩን “ስንት ነው?” ይሉታል። የሙሽራ ልብስ የምታከራየው ሴትዮ በመጀመሪያው ቀን “እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ! ለመሆኑ ሙሽሪት ማን ናት?” ብላ ልታቅፋቸው ስትል፣ “የኪራዩን ብቻ ንገሪኝ” ብለው ኩም አደረጓት። የሬሳ ሣጥን ሠሪው ደግሞ ደንግጦ “ለማን ነው ጋሼ?” ቢላቸው፣ “ለአገር ነው” ብለው ጻፉ። ሰውየው ይህን ሲያወራ ዛሬም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

እኔ ሱቅ የሚጠይቁት ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከውጭ ስለሚመጣው ባለ ቢጫ ጣሳ ሰርዲን። አጠገቡ ያለውን ባለ ቀዩን ብነግራቸው ይቆጡኛል፤ ዋጋ የሚነጻጸረው ያው ዕቃ ከያው ሱቅ ሲጠየቅ ነው። ከዚያ ትምህርቱ ይቀጥላል። “ትንሽ አገር ዋጋ አታወጣም፤ ዋጋ ይነገራታል” ይላሉ። ነዳጁ ከውጭ፣ ስንዴው ከውጭ፣ መድኃኒቱ ከውጭ፤ እኛ የምንሸጠውን ደግሞ ዋጋውን የሚቆርጠው ገዢው።

“ታዲያ ምን ይሻላል ጋሼ?”

“የገንዘባችንን ምንዛሪ ዝቅ ብናደርገው ኑሮው ይወደዳል። አይነካም ብንል ዶላሩ ይጠፋል። በራችንን እንዝጋ ብንል ፋብሪካው መለዋወጫ አጥቶ ይቆማል። የሰው ወርቅ አያደምቅም፣ ልጄ።”

ልጄ ይሉኛል፤ እኔ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ደስ ይለኛል፤ እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ ሌላ ሰው አልቀረም።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ሲመጡ ጓዳ እገባ ነበር። በኋላ የውጭ ምንዛሪው ጠፋ፤ አስመጪው ስልክ ማንሳት ተወ፤ መደርደሪያዬ ሳሳ። ዕቃ ከሌለ ደንበኛ የለም፤ ደንበኛ ከሌለ ጨዋታ የለም። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤት ውስጥ የሚያናግረኝ ሬዲዮ ብቻ ነው፤ እሱም የሚያወራው ስለ ምንዛሪ ነው። ረቡዕን መጠበቅ መቼ እንደጀመርኩ አላውቅም።

ከሰርዲኑ አንዲት ጣሳ ብቻ ስትቀር ስጋት ገባኝ። ሕጋቸውን አውቃለሁ፦ ዕቃው ከጠፋ ሱቁ ከዝርዝር ይሰረዛል፣ ጥያቄው ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል። ቁጥሩን የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት እንደሌለ እሳቸውም እኔም እናውቃለን፤ አንስተነው ግን አናውቅም። አንድ የታክሲ ሹፌር “ያቺን ሰርዲን ስጠኝ” ቢለኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ “ተሸጣለች” አልኩት።

“ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለች?”

“ባለቤቷን እየጠበቀች ነው።”

ባለፈው እሑድ አቧራ ስጠርግ ግን ጎኗ ላይ የታተመውን ቀን አየሁ። የአገልግሎት ጊዜዋ ካለፈ ሁለት ቀን ሆኖታል። ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ደግሞ በእሳቸው ሕግ እንደሌለ ይቆጠራል። ሌላ ጣሳ ፍለጋ ከተማውን ባካልል የለም። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ለአንዲት ጣሳ ሰርዲን!

ረቡዕ መጡ። ጣሳዋን አንስተው መነጽራቸውን አስተካከሉ፤ ዓይናቸው ቀኑ ላይ ሲያርፍ አየሁ። በሠላሳ አንድ ዓመት አንዲት የሐሰት ቁጥር ያልጻፉ፣ አለቃ ሲያስፈራራቸው እንኳ ያልጻፉ ሰው ናቸው። እኔ ባንኮኒው ጀርባ ፈተና እንደወደቀ ተማሪ ቆሜያለሁ።

“ስንት ነው?” አሉ በመጨረሻ።

“እንዳለፈው ነው፣ ጋሼ።”

ጻፉ። ከዚያ ጣሳዋን ቀኑ ወደ ግድግዳው እንዲዞር አድርገው መለሷት።

“ዋጋው ተረጋግቷል” አሉ፣ ፊቴን ሳያዩ። “ወንበር የለህም እንዴ?”

በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ተቀምጠው አያውቁም። ያለችኝን አንድ ወንበር ሰጥቻቸው እኔ ባዶ ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ።