የካርታና ኮምፓስ ሩጫ ክበብ አንዲት ጀማሪ ለመቀበል ያደረገው ስብሰባ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ቦታ፦ የተማሪዎች ክበባት ሕንፃ፣ ምድር ቤት፣ ክፍል 04፣ ከፎቶ ኮፒው ጎን

ሰዓት፦ ለ8፡00 ተጠርቶ 8፡50 ተጀመረ፤ ሰብሳቢው ክፍሉን ሲፈልጉ ስለቆዩ።

የተገኙ፦
1. ሰብሳቢው፣ የስድስተኛ ዓመት ተማሪ
2. ምክትላቸው፣ በቅጽል ስም "አንቀጽ"፣ የመተዳደሪያ ደንቡን ከኪሳቸው የማይለዩ
3. የንብረት ኃላፊዋ፣ የሰብሳቢው የአክስት ልጅ
4. የቴክኒክ ኃላፊው ጃኬት (ባለቤቱ "መጣሁ" ብለው እንደወጡ ናቸው)
5. እኔ፣ አመልካች ጀማሪ፣ "ጽሕፈትሽ ያምራል" ተብዬ እዚያው የተሾምኩ ጸሐፊ

ምልዓተ ጉባኤ፦ ደንቡ አራት የኮሚቴ አባላት ይጠይቃል። ጃኬቱ ወንበር ይዟል ወይስ ወንበር ላይ ተረስቷል በሚለው ላይ ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ይዟል ተብሎ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የጀማሪዋ ማመልከቻ

በቅዳሜው የጀማሪዎች ዙር መሮጥ እንደምፈልግ፣ ቅጹም ተፈርሞ ዛሬ ከ11፡00 በፊት ስፖርት ቢሮ መግባት እንዳለበት አስረዳሁ። ሩጫው ካርታና ኮምፓስ ይዞ ጫካ ውስጥ የተሰቀሉ ምልክቶችን እየፈለጉ መሮጥ ነው፤ ክበቡ የተቋቋመውም ለዚሁ ነው።

ለምን እንደፈለግሁ ተጠየቅሁ። ግቢ ከገባሁ ስድስት ሳምንት እንደሞላኝ፣ ከመኝታ ክፍሌና ከመማሪያ አዳራሹ ሌላ የማውቀው ቦታ እንደሌለ፣ ምሳዬን ብቻዬን እንደምበላ ተናገርኩ። ባለፈው ቅዳሜ ግን አንዲት ልጅ እስከ ጉልበቷ ጭቃ በጭቃ ሆና እየሳቀች ከጫካው ስትወጣ አይቼ ክፉኛ ቀናሁ።

ምክትሉ፣ ቅናት ለአባልነት የሚያበቃ ምክንያት ሆኖ በደንቡ አልተጠቀሰም ሲሉ ተቃወሙ። የንብረት ኃላፊዋ "ኧረ በናትህ ተዋት! አንተስ ምን ብለህ ነው የገባኸው?" አሏቸው። ይህ ንግግር እንዳይመዘገብ ተወስኗል።

ቀጥሎ ምክትሉ ደንቡን አነበቡ። አንቀጽ 9፦ ጀማሪ አባል ጫካ የሚገባው ልምድ ያለው አባል ፈርሞለት አብሮት ሲገባ ነው። አንቀጽ 10፦ ልምድ የሌለው ሰው በኮሚቴ አባልነት ሊያገለግል አይችልም። ከረጅም ውይይት በኋላ አባልነቴ ጸድቋል፤ ጃኬቱ ድምፀ ተአቅቦ አድርጓል።

አጀንዳ 2፦ ፈርሞ አብሯት የሚገባ መምረጥ

ሰብሳቢው ምክትሉን ጠቆሙ። ምክትሉ ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ገልጸው የንብረት ኃላፊዋን ጠቆሙ። የንብረት ኃላፊዋ ንብረት ጥዬ የትም አልሄድም ብለው ሰብሳቢውን ጠቆሙ። ሰብሳቢውም የመሪ ድርሻ ከሩቅ ሆኖ ማየት መሆኑን በሰፊው አብራርተው ጃኬቱን ጠቆሙ። ጃኬቱ ተቃውሞ ስላላሰማ በሦስት ድምፅ ተመርጧል።

ጃኬት እንዴት ይፈርማል ብዬ ጠየቅሁ። ከአጀንዳ ውጭ ነው ተባልኩ። 10፡20 መሆኑን ባስታውስ ምክትሉ "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" አሉኝ። የሚፈስም የሚለቀምም ነገር እንዳላየሁ ይመዝገብልኝ።

አጀንዳ 3፦ ካርታና ኮምፓስ

የንብረት ኃላፊዋ ሪፖርት አቀረቡ። ካርታው እጥፋቱ ላይ እንዳይቀደድ ላለፉት አምስት ዓመታት ተዘርግቶ አያውቅም። ኮምፓሱ ቁም ሳጥን ውስጥ በደህና ተቆልፎበታል፤ ቁልፉን የያዙት የቀድሞው ኃላፊ ግን ተመርቀው ሄደዋል። ለንብረት ኃላፊዋ ጥንቃቄ የምስጋና ደብዳቤ እንዲጻፍላቸው ተወሰነ።

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። "ለመሆኑ ከእናንተ ውስጥ ጫካ የገባ አለ?" አልኩ።

ምክትሉ መልሱን ከደንቡ ውስጥ መፈለግ ጀመሩ።

በመጨረሻ ሰብሳቢው ተነሡ። አንደኛ ዓመት እያሉ ሊመዘገቡ በመጡበት ቀን ሰብሳቢ ተደርገው መመረጣቸውን፣ ከዚያ ወዲህ ከስብሰባ ወጥተው እንደማያውቁ፣ ጫካውን የሚያዩት ከቤተ መጻሕፍቱ መስኮት እንደሆነ ገለጹ። "ጀማሪ በመጣ ቁጥር፣ ዛሬስ ታወቀብኝ እያልኩ እሰጋለሁ። በጣም ነው የማፍረው" አሉ። አሳዘኑኝ፤ ተናድጄም ነበር። ምክትሉ ጉልበታቸውን ምንም እንደማያማቸው አመኑ። የንብረት ኃላፊዋ "እፎይ! እኔ ብቻ የሆንኩ መስሎኝ ነበር" አሉ።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

ምክትሉ ደንቡን አገላብጠው፣ በአንቀጽ 10 መሠረት ይህ ኮሚቴ ከመጀመሪያውም ኮሚቴ እንዳልነበረ አስታወቁ። ስለዚህ ዛሬም ሆነ ባለፉት አምስት ዓመታት የተወሰነው በሙሉ፣ የኃላፊዎቹ ሹመት፣ የጃኬቱ ምርጫ፣ የምስጋናው ደብዳቤ፣ የእኔም አባልነትና ጸሐፊነት ጭምር በአንድ ድምፅ ተሽሯል።

አባልነቴ ከጸደቀ ሁለት ሰዓት አልሞላውም ነበር። እንባዬ መጣ። ፊቴን ልደብቅ ቅጹን ባነሣ ጀርባው ላይ እንዲህ ይላል፦ "የማንኛውም ክበብ አባል ያልሆነ ጀማሪ፣ ራሱ ይፈርማል። ካርታና ኮምፓስ በቦታው ይሰጣል።"

ፈረምኩ። 10፡48 ሆኗል። ቦርሳዬን አንሥቼ በሩ ጋ ስደርስ ሰብሳቢው ተከተለኝ፤ ከእንግዲህ ሰብሳቢ ስላልሆነ አንተ ብዬዋለሁ።

"እዚያ ሌላ ቅጽ ይኖራል?" አለኝ። "እኔም ልምጣ?"

ጥያቄው ያለ ምንም ውይይት ጸድቋል። ስብሰባው 10፡49 ላይ በሩጫ ተበትኗል።