አክስቴና የማይነካው ቤት

ዕቃ አዛዋሪ የሌለበት ቤተሰብ የለም። «እኛ ቤት የለም» የሚል ካለ ወይ ዘመዶቹን በደንብ አልቆጠረም፣ ወይ አዛዋሪው ራሱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሊጠይቃችሁ ሲመጣ ገና ሰላምታው ሳያልቅ ዓይኑ ግድግዳ ግድግዳውን መዞር ይጀምራል። ኮቱን ሳያወልቅ ቁም ሳጥናችሁ ያለቦታው መቆሙን፣ አልጋችሁ እግሩን ወደ በር መዘርጋቱን፣ እናንተም እስከ ዛሬ በስህተት ስትኖሩ መክረማችሁን ያውቃል።

ለኛ ቤተሰብ የደረሱን ክብርት አክስቴ ናቸው። የአባቴ ታላቅ እህት፣ ጡረታ የወጡ የሆስፒታል ዋና ነርስ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ አልጋ ሲያስገፉ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ አልጋው ሆስፒታል ቀረ፣ ማስገፋቱ ግን አብሯቸው ወጣ። የዘወትር ቃላቸው «እስቲ ትንሽ ገፋ አርገው» ነው። በአክስቴ መለኪያ «ትንሽ» ማለት ከአንደኛው ግድግዳ እስከ ሌላኛው ማለት ነው። እሳቸው ራሳቸው አይገፉም። ቆመው በቦርሳቸው ይጠቁማሉ። የሚገፋው የወንድማቸው ልጅ ነው፤ ማለትም እኔ፣ ወገቤ ምስክሬ ነው።

አንድ ጊዜ የታመመ ጎረቤት ሊጠይቁ ሄደው ሰውየውን እንደተኛ ከነአልጋው ወደ መስኮቱ አስገፉት። ሰውየው በሳምንቱ ተነሳ። ሐኪሙ መድኃኒቱን አመሰገነ፣ አክስቴ ግን እስከ ዛሬ መስኮቱን ነው የሚያመሰግኑት። ሌላ ጊዜ ባንክ ቤት ወረፋ ሲጠብቁ ወንበሮቹን በሁለት ረድፍ አስዞሯቸው፤ ዘበኛው ሊከለክል መጥቶ አብሮ ሲሸከም ተገኘ። የኛ ቤት ፍሪጅ ሦስት ክፍል ተዘዋውሯል። ባለቤቴ እኩለ ቀን ላይ ወጥ ቤት ገብታ ባዶ ግድግዳ ስትከፍት በዓይኔ አይቻለሁ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ይዞ «ባክዎ አይንኩ» የሚል ማስታወቂያ በየበሩ የተለጠፈበት ቤት የሚገባ ሰው ምን ይባላል? ጋዜጠኛ ይባላል። አለቃዬ ናቸው የላኩኝ። አንድ ሰፊ፣ ባለ ሁለት ፎቅ አሮጌ ቤት ለሁለት ሳምንት ለሕዝብ ተከፍቶ ነበር። አምስት ዲኮሬተሮች አንድ አንድ ክፍል ተሰጥቷቸው እንደየስልታቸው አስጊጠውታል። ጎብኚ የወደደውን ክፍል ቁጥር በወረቀት ጽፎ ሳጥን ውስጥ ይጨምራል፤ አሸናፊው ሊከፈት የተቃረበውን የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት የማስዋብ ሥራ ያገኛል። እኔ ብቻዬን ልሄድ ነበር ያሰብኩት። አክስቴ ግን ወሬ ከሰሙ በእግር የሚቀድማቸው የለም፤ ስደርስ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ዘገየህ» አሉኝ።

የመጀመሪያው ሳሎን ነጭ ነበር። ሶፋው ነጭ፣ ምንጣፉ ነጭ፣ መደርደሪያው ላይ ያሉት መጻሕፍት እንኳ ነጭ እንዲሆኑ ጀርባቸው ወደ ውስጥ ዞሯል። ጥቁር የለበሰ ረጅም ዲኮሬተር ጥግ ላይ ቆሞ «እዚህ የፈለግኩት ዝምታን ነው» አለን።

አክስቴ ሶፋውን በአንድ ጣት ጫን አደረጉትና «ይሄ ለዓይን ነው ለመቀመጫ?» ብለው ጠየቁት።

«ለዓይን ነው፣ እማማ።»

«ገምቻለሁ። ዝምታውንስ አግኝተኸዋል፤ ሰው የሌለበት ቤት መቼም አይንጫጫም።»

የምግብ ክፍሉ ወርቅና መስታወት ነው። ከጣሪያው የወረደው መብራት ብቻውን አንድ መንደር ያበራል። አክስቴ ራሳቸውን በሰባት መስታወት ካዩ በኋላ ሻሻቸውን አስተካክለው «ስጎርስ ሰባት ሰው አብሮኝ ከጎረሰ እንዴት ይወርድልኛል?» አሉ። ከዚያ ደግሞ ሲሚንቶው ያልተለሰነ፣ ቧንቧው የገጠጠ፣ አምፖሉ በሽቦ የተንጠለጠለ የሥራ ክፍል ገባን። «ግንበኛው ሳይጨርስ ነው የከፈታችሁት?» አሉ። ዲኮሬተሩ በትዕግሥት ስልት መሆኑን አስረዳቸው። «ስልትም ቢሆን ይለሰናል» ብለውት ወጡ።

ፎቅ ላይ ያለው መኝታ ቤት በር ላይ ሰልፍ ነበረ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች አበባ፣ መጋረጃው አበባ፣ አልጋው የትራስ ክምር። አክስቴ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ቆጠሩ። «አሥራ ሰባት። ባልና ሚስቱ የት ሊተኙ ነው?» ሰልፈኛው ሳቀ። ዲኮሬተሩ አልሳቀም። እኔ ማስታወሻዬን እየጻፍኩ የማላውቃቸው መሰልኩ።

የመጨረሻው ክፍል በኮሪደሩ ጫፍ ላይ ያለችው ጠባቧ ነበረች። የሠራችው ወጣት ሴት ናት፤ የመጀመሪያ ሥራዋ መሆኑን በሩ ላይ ካለው ጽሑፍ አነበብኩ። እሷ በዚያ ሰዓት ውኃ ልትጠጣ ወርዳ ኖሯል፣ አልነበረችም። ክፍሏ የንባብ ክፍል ነች። ሁለት ጥሩ የእጅ መደገፊያ ያላቸው ወንበሮች፣ ዝቅ ያለ መደርደሪያ፣ ባለ ረጅም እግር መብራት፣ ወደ አንድ ትልቅ ዛፍ የሚያሳይ ሰፊ መስኮት። ሁሉም ነገር ያምራል። ግን ሰው ከደጅ አንገቱን አስግጎ «ደስ ይላል» ይልና ይሄዳል። ውስጥ የሚገባ የለም።

አክስቴ መሀል ገብተው ቆሙ።  አክስቴ ዝም ካሉ ፍርሃት ይይዘኛል።

«ወንበሮቹ ለመስኮቱ ጀርባ ሰጥተዋል» አሉ በመጨረሻ። «በሩንም ዘግተውታል። ሰው በየት በኩል ይግባ? እስቲ ትንሽ ገፋ አርገው።»

«አክስቴ፣ አይነካም ይላል እኮ።»

«የሚለውን አይቻለሁ። ፊደል ቆጥሬያለሁ።»

ገፋሁ። ምን ላድርግ? እሳቸው ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ስገፋ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሁለቱን ወንበሮች መስኮቱ ሥር፣ መደርደሪያውን እጅ የሚደርስበት፣ መብራቱን ከወንበሮቹ ኋላ አደረግኩ። ገና ቀና ስል ባለ ከዘራ ሽማግሌ ገቡና አንዱ ወንበር ላይ እፎይ ብለው ተቀመጡ። ቀጥሎ ሕፃን ያቀፈች ሴት ሁለተኛውን ያዘች። ሌሎችም ተከተሉ፤ ቆመው መጽሐፍ የሚያገላብጡ፣ ዛፉን የሚያዩ። ክፍሏ ሰው አገኘች።

ልጅቷ የተመለሰችው ያኔ ነው። በሩ ላይ ቆማ ክፍሏን አየች፤ ፊቷ ሲለዋወጥ እኔም አየሁ።

«ማነው የነካው?»

እኔ ማስታወቂያውን ገና ዛሬ እንዳየሁት አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ።

«እኔ ነኝ» አሉ አክስቴ።

«ሦስት ወር ነው የለፋሁበት፣ እማማ። ስቀመጥ ስነሳ ሦስት ወር ሙሉ ስለዚች ክፍል ነው ያሰብኩት። እርስዎ በአምስት ደቂቃ…» ድምጿ ተሰበረ። «ቢያንስ አይጠይቁኝም?»

የዝግጅቱ ኃላፊ ጫጫታ ሰምቶ ከረባቱን እያስተካከለ መጣና በትሕትና ወደ ደረጃው አመለከተን። እኔ እግሬን አንስቼ ነበር። አክስቴ ግን አልተንቀሳቀሱም። ልጅቷን አዩዋት፤ ሲያዩዋት ቆዩ።

«ልክ ነሽ» አሉ። «መጠየቅ ነበረብኝ። አጥፍቻለሁ።»

ይህን ቃል ከአክስቴ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። አባቴ ቢሰማ ሐኪም ይጠራ ነበር። ወደ እኔ ዞረው «መልሰው» አሉኝ፤ ድምፃቸው አነስ ብሎ ነበር። እኔም የወንበሩን ጀርባ ያዝኩ።

«እኔ አልነሳም» አሉ ሽማግሌው።

ልጅቷ ዓይኗን ጠርጋ ዞር አለች። «አባባ፣ ተመችቶዎታል?»

«ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ክፍል ዞሬ የተቀመጥኩት እዚህ ብቻ ነው። ሌላው ጋ ቆሜ አየሁ፣ እዚህ አረፍኩ።»

 ልጅቷ ክፍሉን አንዴ ዞረችው፣ ከዚያ በተቃራኒው ዞረችው። ሕፃኑ እናቱ እቅፍ ውስጥ እንቅልፍ ወስዶታል። ኃላፊው ሰዓቱን አየ።

«ወንበሮቹ ይቆዩ» አለች ቀስ ብላ። «መብራቱ ግን እዚያ አይሆንም።»

«ለምን አይሆንም?» አሉ አክስቴ። ሸንጎ ፊት የቆሙ መሰሉ።

«ከኋላ ሲበራ የራስዎ ጥላ መጽሐፉ ላይ ያርፋል። ከጎን ነው መሆን ያለበት።»

አክስቴ ሕፃን ያቀፈችውን ሴት አስፈቅደው ተቀመጡ፤ አዎ፣ አስፈቅደው። መጽሐፍ አነሱ። አንገታቸውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አደረጉ። ጥላቸው ገጹ ላይ ተጋድሟል። «ልክ ነሽ» አሉ፣ በአንድ ከሰዓት ለሁለተኛ ጊዜ። መብራቱን ልጅቷ ራሷ ወሰደችው። አክስቴ በቦርሳቸው ሊጠቁሙ እጃቸውን አነሱና መልሰው አወረዱት።

ውድድሩን ማን አሸነፈ? አሥራ ሰባቱ ትራስ ነዋ። ድምፅ የሕዝብ ነው፣ እናከብራለን፤ ቤተ መጻሕፍቱ ሲከፈት ግን ልጆቹ መጽሐፍ ፍለጋ ትራስ እንዳይቆፍሩ እሰጋለሁ። የጠባቧ ክፍል ባለቤት ሦስተኛ ወጣች። ሕፃን ያቀፈችው ሴት ግን ሐኪም ኖራለች፤ በሳምንቱ ለክሊኒኳ የሕሙማን መጠበቂያ ክፍል ልጅቷን አስጠራቻት። ልጅቷ ደግሞ እኛ ቤት ደወለችና «እማማን ማግኘት እችላለሁ?» አለች።

ከዚያ ወዲያ አክስቴን አጣናቸው። ቅዳሜ ክሊኒክ፣ እሑድ የልጅቷ ስቱዲዮ። አንድ ቀን ብቅ ብዬ አይቻቸዋለሁ። በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ሲከራከሩ ነበር፤ አክስቴ «ሕመምተኛ በሩን ማየት አለበት» ሲሉ ልጅቷ «የለም፣ ማየት ያለበት ሰው ነው» ትላለች። ሁለቱም ደስ ብሏቸዋል። እኔ መምጣቴን ያየ የለም። ቀናሁ ብል ውሸት አይሆንም።

ሦስት ወር ሙሉ ቤቴ ውስጥ አንድም ነገር ከቦታው አልተነቃነቀም። ወገቤ ዳነ። ባለቤቴ ወጥ ቤት ገብታ የምትፈልገውን ታገኛለች። ሁሉ ሰላም ነው። ታዲያ ባለፈው ቅዳሜ ቁርስ ላይ «ቤቱ ምን ሆኗል?» አለችኝ። እኔም ምን እንደሆነ አውቄያለሁ፤ እሷም አውቃለች፤ ማንሳት የፈራነው ነገር ነበር። ስልኩን አነሳሁ።

«አክስቴ፣ ደህና ነዎት? ሶፋውን አዙሬው ነበር። መስኮቱ ላይ።»

«የቱ መስኮት ላይ?»

«ትልቁ ላይ። ብርሃኑን ከለል አድርጎታል።»

በስልኩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ።

«አንተ ልጅ ጤና አለህ? እንዳትነካው! ምንም እንዳትነካ፣ መጣሁ።»

ስልኩን ዘጋሁና እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ሶፋው እስከዚያ ድረስ ከቦታው ንቅንቅ አላለም ነበር፤ ሳይደርሱ ቶሎ መስኮቱ ላይ መግፋት ነበረብኝ። ባለቤቴም በሌላኛው ጫፍ በኩል ያዘች።