ቲቸር ወንዳፈረውና የካሜራችን ብራይትነስ

ሳይጠሩት መጥቶ የሰው ዕቃ የሚያስተካክል ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ ንገሩኝና ነገ ጓዜን ጭኜ እገባለሁ። የለም። ሌላው ሰፈር አንድ ተራ አስተካካይ ሲደርሰው ለእኛ ለሆሳዕና ከተማ ሰዎች ግን የሁሉም አለቃ ደርሶናል፤ ክቡር ቲቸር ወንዳፈረው፣ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር፣ የሰፈራችን የማስተካከል ጉዳዮች የበላይ ጠባቂ።

እኔንም አስተምረውኛል። አሁን አርባ አምስት ዓመቴ ነው፣ ሦስት ልጆች አሉኝ፤ እሳቸውን ሳይ ግን ዛሬም ሸሚዜን ሱሪዬ ውስጥ እከታለሁ። ስለዚህ ጣራችን ላይ ወጥተው ዲሹን ሲያዞሩት አልከለከልኳቸውም። እኛ ከታች "ምስሉ መጣ ቲቸር! በቃ ይተዉት!" እያልን ስንጮህ እሳቸው ከላይ "ትንሽ ቀረው" ይላሉ። ያቺ ትንሽ ሦስት ቀን ያለ ቴሌቪዥን አስቀመጠችን።

ባለፈው ዓመት የውሃ ቆጣሪያችን ሲሰረቅ ባለቤቴ ጣቢታ ካሜራ ይገዛ አለች። የገጠመልን ሰውዬ ክፈፉ ሥር ዘቅዝቆ አሰረውና ሄደ። ስልኬን ስከፍት ከሌሞ ገበያተኛ ጭኖ የሚመጣው የጋሪ ፈረስ እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ያልፋል። ቲቸር ወዲያው ደረሱ፤ ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። ስልኩን ተቀብለው አንድ ቦታ ነካ ሲያደርጉ ፈረሱ በእግሩ ቆመ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ካሜራው በግዢ የእኛ፣ በአስተዳደር የእሳቸው ሆነ።

በማግስቱ ዓይናቸው የካሜራው ሰዓት ላይ አረፈ። "ይሄ የማን አገር ሰዓት ነው? ልጆች ጠዋት ትምህርት ቤት የሚገቡት በስምንት ሰዓት ነው እንዴ?" አሉና በእኛ አቆጣጠር አደረጉት። ካሜራው ደግሞ መቼ እንደሚመሽና መቼ እንደሚነጋ በፈረንጅ ሰዓት ተነግሮት ነው ከፋብሪካ የወጣው። እናም ጠዋቱን ሙሉ ሌሊት ነው ብሎ ጥቁርና ነጭ ያሳየን፣ ከመሸ በኋላ ደግሞ ገና ቀን ነው ብሎ የሌሊት መብራቱን አጥፍቶ ይቀመጥ ጀመር። "እንግዲህ ሌባው ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንዲመጣ ንገሩት" አለች ጣቢታ።

ይሄስ ይሁን። የባሰው ብራይትነሱ፣ የምስሉ የብርሃን መጠን ነው። ሲጀመር ሃምሳ ላይ ነበር። ቲቸር በየቅዳሜው ይመጣሉ፤ ስልኩን አፍንጫቸው ድረስ ያስጠጋሉ። "ደብዛዛ ነው።" ስልሳ። "አሁንም ደብዛዛ ነው፤ ትንሽ ቀረው።" ሰባ አምስት። ዘጠና አምስት ሲደርስ ግቢያችን ዱቄት የተበተነበት መሰለ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ወንድም አጵሎስ ሊጠይቁን ሲመጡ በስልኬ ላይ የታዩት ክራቫታቸውና መጽሐፍ ቅዱሳቸው ብቻ ናቸው፤ የያዛቸው ሰው ሳይታይ እየተንሳፈፉ ገቡ።

አዲሱም ቆጣሪ ተሰረቀ። ቪዲዮውን ለሰፈሩ ሚሊሻ አሳየሁት። አንድ ነጭ ነገር፣ ሌላ ነጭ ነገር ተሸክሞ በበሩ ይወጣል። ሚሊሻው አየና አየና፣ "መልአክ ከሆነ እኛን አይመለከትም" አለኝ።

የጣቢታ ትዕግሥት እዚህ ላይ አለቀ። "ሆሴዕ፣ ወይ ለቲቸር ንገራቸው፣ ወይ እኔ እነግራቸዋለሁ።" እሷ ከምትነግራቸው እኔ ብነግራቸው ይሻል ነበር።

ቅዳሜ ከመምጣታቸው በፊት ሁሉንም ወደነበረበት መልሼ ጠበቅኳቸው። በሩ፣ እንሰቱ፣ የጎረቤት ዶሮ ሳትቀር ጥርት ብላ ትታያለች። "ይኸው ቲቸር፣ ጥሩው እንዲህ ነው። ከእንግዲህ ባይነኩብኝ" አልኩ፣ ላብ በላብ ሆኜ።

ስልኩን ወደ ቀኝ አዘነበሉት፣ ወደ ግራ አዘነበሉት። "ጨለማ ነው እኮ። በሩ የታለ?"

በሩ መሃል ላይ ነው። መኪና የሚያስገባ፣ ሰማያዊ የብረት በር።

"ቲቸር፣ የበራችን ቀለም ምንድን ነው?"

"አረንጓዴ ነዋ!"

ያንን ሰማያዊ ቀለም ከአምስት ዓመት በፊት ያስመረጡን ራሳቸው ናቸው። የደበዘዘው ካሜራው ሳይሆን ዓይናቸው ነበር። ደነገጥኩ፤ አፈርኩም። ስንት ቅዳሜ አብሬያቸው ቆሜ በሆዴ ስስቅባቸው ነው የከረምኩት።

እሳቸውም ገባቸው። "ከፋሲካ ወዲህ ማንበብ አቅቶኛል" አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ለማንም እንዳትናገር፤ ልጆቹ መምጣት ይተዋሉ።" የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆችን በነፃ ያስጠናሉ። ባለቤታቸው እትዬ ተናኜ ካረፉ በኋላ ያንን ቤት የሚረግጡት እነዚያ ልጆች ብቻ ናቸው።

ሐኪም ቤት እንሂድ ስላቸው ግን ተቆጡ። "ዓይኔን ማንም አይነካውም!" የሰፈሩን ዲሽ፣ ሬዲዮና ካሜራ አንድ ሳያስቀሩ የነካኩ ሰው የራሳቸውን አላስነካም አሉ። ሁለት ሳምንት ለመንኳቸው። እስከዚያው ድረስ ሲመጡ በሩ እንዲታያቸው ብዬ ብራይትነሱን በገዛ እጄ ዘጠና አምስት ላይ መለስኩት። ጣቢታ አየችኝና ነገሩ ገባት። በመጨረሻ ያሸነፈቻቸውም እሷ ናት። "ቲቸር፣ ልጆቹ ፈተና ደርሶባቸዋል። እርስዎ ካላነበቡት የተሳሳቱትን ማን ያርምላቸዋል?" አለቻቸው። ተነሥተው ኮታቸውን ለበሱ።

የዓይን ሞራ ነው ተባለ፤ ይወጣል ተባለ። ቀዶ ሕክምናው ሊሠራላቸው ሲገቡ እንኳ ሐኪሙን፣ "መብራቱ ትንሽ ዝቅ ቢል" ብለውታል።

ፋሻው በተነሣ በሦስተኛው ቀን፣ ሳንጠራቸው፣ መጡ። ስልኩን ከእጄ ወሰዱ። አፍንጫቸው ድረስ አላስጠጉትም፤ ክንዳቸውን ዘርግተው ከሩቅ አዩት። ግንባራቸው ተኮሳተረ።

"ማነው ይሄን እንዲህ ያበላሸው? ሰው ሁሉ ኖራ የተቀባ መስሏል!"

ጣቢታ ፊቷን ወደ ጓዳ አዞረች።

"እኔ ነኝ ቲቸር" አልኩ። ውሸትም አልነበረም።

"አውቄያለሁ! ድሮም ላቦራቶሪ ውስጥ የማይነካውን ስትነካ ነው የማውቅህ። ሁለተኛ እኔን ሳትጠይቅ እንዳትነካው!"

"እሺ ቲቸር" አልኩ፣ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ። በተማሪነት ዘመኔም ሆነ ከዚያ ወዲህ፣ ተቆጥተውኝ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።