የጋሽ ፈለቀ ግማሽ መልስ

መሥሪያ ቤት የሚባል ነገር ባለበት ሁሉ አንድ ሥራ ብቻውን የሚችል ሰው አለ። እሱ ካልመጣ ሥራው አይሠራም፤ ሲመጣ ደግሞ ስለ ሥራው ትንፍሽ አይልም። ቦንጋ ላይ፣ የወረዳዎቹ ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ ፕላን በሚነደፍበት ክፍል፣ ይህን ማዕረግ ያለ ተቀናቃኝ ይዘው የኖሩት ክቡር ጋሽ ፈለቀ ነበሩ።

ጋሽ ፈለቀ አውቶካድ የሚባለውን የንድፍ ፕሮግራም ጅማ ሄደው ሦስት ወር ሠልጥነውበታል። ከዚያ ወዲህ ያሉትን ዘጠኝ ዓመታት ያሳለፉት አንድም በመንደፍ፣ አንድም ሲነድፉ ሰው እንዳያያቸው በመጠንቀቅ ነው። ከኋላቸው ኮቴ ከሰሙ ስክሪኑን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ለኮምፒውተሩ ትእዛዝ ሲጽፉ ግራ እጃቸው ቀኙን ይጋርደዋል፤ ፈተና ላይ ኩረጃ የፈራ ጎበዝ ተማሪ ይመስላሉ። «ጋሽ ፈለቀ፣ ይቺን እንዴት አደረጓት?» ብሎ የጠየቃቸው ሁሉ ያገኘው መልስ አንድ ነው፦

«እሱ በልምድ ነው።»

አይፈረድባቸውም። ጊዜው መዋቅር በየዓመቱ የሚፈርስበትና የሚሠራበት፣ ቢ ፒ አር የሚሉት የአሠራር ለውጥ ወንበር የሚያጥፍበት ነበር። ጠዋት ቢሮው የገባ ሰው ከሰዓት ደብዳቤ ተሰጥቶት ወዳላሰበው ወረዳ ሲሄድ አይተዋል። እሳቸውን ግን ማንም አልነካቸውም። ሌላ አውቶካድ የሚችል ሰው ስላልነበረ ነው።

በሁለት ሺህ ሦስት ዓ.ም. አብርሆት መጣች። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ በዚያው ክፍል የተመደበች ቀጭን ልጅ ናት። ብትጠይቅ ግድ አልነበራቸውም፤ የሚጠይቅ ሰው ለምደዋል። ይቺ ግን ትጽፋለች! እሳቸው አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ሰማያዊ ደብተሯን ትገልጣለች። ግምገማ በየጊዜው በሚጠራበት ዘመን የሚናገረውን የሚጽፍበት ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ምሳው የሚዋጥለት የመንግሥት ሠራተኛ የለም።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ደብተሩን ጠረጴዛዋ ላይ ትታው ወጣች። ጋሽ ፈለቀ በሩን አዩ፤ መስኮቱንም አዩና ገለጡት። «ከጋሽ ፈለቀ፣ መጋቢት 6» ይላል። «ከጋሽ ፈለቀ፣ መጋቢት 9» ይላል። ሳያስቡት ባመለጧቸው አራት መልሶች ላይ ስማቸው ሰፍሯል። በየገጹ አናት ላይ ደግሞ ደማቅ ርእስ አለ፦ «ፊደሉ አራት ማዕዘን ሆነብኝ»፣ መልሱ ገና ያልተጻፈበት «ከወረቀቱ አለፈብኝ»፣ «መስመሩ ጠፋብኝ»።

የመጨረሻዋ ላይ ላብ አጠመቃቸው። የትኛው መስመር? የገዢው ድርጅት መስመር ማለት ቢሆንስ? ጋሽ ፈለቀ መስመሩ ጠፍቶበታል ተብሎ ቢነበብ ማን ያስጥላቸዋል?

ልጅቷ ስትመለስ ደብተሩን በጣታቸው ጫፍ እየገፉ «ይቺ ምንድን ናት?» አሏት።

አብርሆት ሳቀች። «ጋሽ ፈለቀ፣ ለወረዳ ልጆች እኮ ነው! ዴካም ቢታ ገነትም ኮምፒውተር አለ፤ ሲቸግራቸው የሚጠይቁት ሰው ግን የላቸውም። ጥያቄውን እነሱ ሲጨንቃቸው በሚሉት ቃል እየሰበሰብኩ፣ ከመልሱ ጋር አንድ ፋይል ላይ እተይበዋለሁ። የቸገረው ሰው መፈለጊያው ላይ «ጠፋብኝ» ብሎ ሲጽፍ፣ የጠፋ ነገር ሁሉ ከነመፍትሔው ይወጣለታል። ገልብጬ በፍላሽ እልክላቸዋለሁ።»

«ስሜስ?»

«ያስተማረኝን ሰው ስም ባሰፍር ነውር ነው እንዴ? ፋይሉ ላይ እንኳ የለም፤ ደብተሬ ላይ ብቻ ነው።»

ጋሽ ፈለቀ አላመኑም። ቢያምኑም ይብስባቸዋል። የእሳቸው ዕውቀት በፍላሽ ተገልብጦ ዞኑን ከዞረ እሳቸው ለምን ይፈለጋሉ? መልስ መከልከል ደግሞ አሁን ያስጠረጥራል። ስለዚህ አንድ ዘዴ ፈጠሩ፤ ይመልሳሉ፣ ግን ግማሹን። ፕላን ከወረቀት ሲያልፍ ምን ይደረግ ስትላቸው፣ «ከወረቀቱ ጋር ይግጠም የሚለውን ምረጪ፤ በቃ» አሏት። እውነት ነው፤ ይገጥማል። ሲገጥም ግን ንድፉ እንዳሻው ስለሚያንስ ልኬቱ ይዛባል፤ በማስመሪያ ለክቶ የሚሠራ ሰው ይሳሳታል። ይቺን ዋጧት። የዚያን ዕለት ፈገግ ሲሉ ያየቻቸው አብርሆት «በስተመጨረሻ ለመዱኝ» ብላ ደስ አላት።

ግንቦት ላይ ከዴካ ስልክ ተደወለ። ኢሳያስ የሚባል የወረዳው ባለሙያ ነው። የአንድ ትምህርት ቤት ፕላን በአብርሆት ፋይል መሠረት አትሞ ለግንበኛው ሰጥቷል። ቁጥሮቹ ደቅቀው አልነበብ ሲሉ ግንበኛው ማስመሪያውን ወረቀቱ ላይ አጋድሞ ለካ። መሠረቱ ተቆፈረ። ስምንት ሜትር መሆን የነበረበት ክፍል ሰባት ሜትር እንኳ አልሞላም። ዝናቡ ደግሞ ጀምሯል።

የክፍሉ ኃላፊ አቶ ወርቅአፈራሁ ሁለቱንም ጠሯቸው። «ይህን መመሪያ ማን ነው የጻፈው?»

ደብተሩ አብርሆት ጭን ላይ ነው። ጋሽ ፈለቀ ዓይናቸውን ከደብተሩ አልነቀሉም። አሁን ትገልጠዋለች፤ አሁን ስማቸውን ከነቀኑ ታነበዋለች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ራሴ ሳልሞክረው ነው ያሰራጨሁት።»

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሊሰጣት ተወሰነ። ጋሽ ፈለቀ እፎይ ብለው ወጡ። እፎይታው ግን ከኮሪደሩ አላለፈም። ለምን ዋጠችው? ምን አስባ ነው? ተከትለዋት ሄደው በሩን ዘጉት።

«ምን ፈልገሽ ነው?» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ቀሪውን ግማሽ።»

«የምኑን ግማሽ?»

«የመልሱን። ኢሳያስ የደወለ ዕለት ሞከርኩትና ገባኝ» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እኔን ቢጠሉኝ እሺ። ዴካ ያሉት ልጆች ግን ምን አደረጉዎት?»

ጋሽ ፈለቀ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ ተነሡ፤ መልሰው ተቀመጡ። ከዚያ በሩን ከፍተው ወደ ኃላፊው ቢሮ ሄዱና «ማስጠንቀቂያው የእኔ ነው» አሉ። አቶ ወርቅአፈራሁ ጭራሽ አላመኗቸውም፤ «ልጅቷን ለማዳን ነው አይደል?» አሏቸው። ጋሽ ፈለቀ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድን ትእዛዝ ከሀ እስከ ፐ ለሰው አስረዱ፤ ጥፋታቸውን ለማሳመን ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው።

በማግስቱ ዴካ ወረዱ። ሁለት ቀን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ቆመው ከኢሳያስ ጋር ገመድ ወጠሩ፣ ኖራ በተኑ፣ መሠረቱን በትክክለኛው ልክ አስቆፈሩ። ድንጋይ ገና ስላልገባበት ተረፈ። ሲመለሱ ስክሪኑን ከግድግዳው ወደ አብርሆት አዞሩና እስከዚያ ከሰጧት አሥራ አንድ መልሶች ሰባቱን እንደገና አስጻፏት። አራቱን ለምን ሙሉ እንደነገሯት ስትጠይቃቸው «ያን ጊዜ ገና አልነቃሁም ነበር» አሏት።

ተለወጡ ብሎ የሚያወራ ሰው ካለ አያውቃቸውም። አሁንም ኮቴ ሲሰሙ ዞር ይላሉ። አሁንም ፍላሽ ሲሰጣቸው እንደ እባብ ነው የሚይዙት። እንዲህ ያለ ሰው አጠገብ ሠርቶ የማያውቅ ግን ምን እንደቀረበት አያውቅም።

ሐምሌ ላይ ከቢታ ገነት ብርቄ የምትባል፣ ዓይተዋት የማያውቋት ሴት ስልካቸውን ከአብርሆት ተቀብላ ደወለች። «ፊደሉ አራት ማዕዘን ሆነብኝ» የሚለውን ፋይሉ ላይ ፈልጋ አግኝታዋለች፤ መልሱ ስምንት እርምጃ ነው። እሷ ግን በሦስት ሠራችው።

«ማን ነው የነገረሽ?»

«ማንም። ሦስት ቀን ስታገለው ነው የመጣልኝ።»

«ቆይ። አንድ በአንድ ንገሪኝ።» የመጨረሻዋን እርምጃ እንደምታስቀርባቸው እርግጠኛ ነበሩ። ስልኩን በትከሻቸው ደግፈው አንዱን አደረጉ፤ ሁለተኛውን፤ ሦስተኛውን። አራት ማዕዘኖቹ ተበተኑና ስክሪኑ ላይ «መማሪያ ክፍል» የሚል ጥርት ያለ አማርኛ ወጣ።

ጋሽ ፈለቀ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው ፊደሎቹን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።

«ሃሎ? ጋሽ ፈለቀ፣ አሉ?»

«አለሁ» አሉ ዙሪያቸውን እስክሪብቶ እየፈለጉ። «አትዝጊው ልጄ፤ ወረቀት ላምጣ።»