የዘርአጽዮን እጅ

በየቡድኑ እጁን የሚጠብቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ፈጣሪ ሰውየውን ለብቻው፣ እጁን ለብቻው ሳይሠራው አልቀረም፤ ሁለቱ ሲገናኙም በቀጠሮ አይደለም። በአብዮቱ ዘመን ኦሎምፒያ አጠገብ ለነበረው የጋራዥ ሠራተኞች ቅርጫት ኳስ ቡድን የደረሰው እንዲህ ያለ ሰው ዘርአጽዮን ይባል ነበር።

ዘርአጽዮን ተጠባባቂ ተጫዋች ነው። ክቡር እጁ በመጣ ቀን ከመሀል ሜዳ የወረወራት ኳስ መረቡን እንኳ ሳታስቀይም ትወርዳለች፤ ተጋጣሚው ሁሉ ሊያጨበጭብለት ይቃጣዋል። ያልመጣ ቀን ግን ሰሌዳውን ስታ፣ አጥር ዘላ፣ ወደ ቦሌ ሚካኤል በሚወስደው መንገድ ላይ የቆመ ታክሲ ጣሪያ ታንኳኳለች። ያኔ መዳፉን ገልብጦ ያይና፣ እንግዳ እንደቀረበት ባላባት ረጋ ብሎ፣ “ዛሬ እጄ አልመጣም” ይላል።

“የት ሄዶ ነው?” ይለዋል አሠልጣኙ ተክለብርሃን።

“እኔ ምን አውቄ፣ ጋሼ። መቼ ያማክረኛል?”

የተክለብርሃን ደም ግፊት ከዚህ እጅ ጋር አብሮ የኖረ ነው። አንድ ዓመት ለዋንጫ ሲጫወቱ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አምኖ አስገባው። እጁ አልመጣም። ዋንጫውም አልመጣ።

መስከረም ላይ የተጫዋቾች ውል ሲታደስ ጉዳዩ ለስብሰባ ቀረበ። ዘርአጽዮን የጋራዡን ዕቃ ቤት ጠባቂነት ያገኘው በኳስ ነውና፣ ከቡድኑ ከወጣ አሰብ ወዳለው ቅርንጫፍ መዛወሩ ነው። እጮኛውን የሺአረግን ሊያገባ ደግሞ እዚሁ ቦሌ ሚካኤል ቤት ተከራይቷል። ተክለብርሃን ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ግን የዋንጫው ነገር አንገብግቦት ነበርና “በቃ፣ ይሂድ” ብሎ ቆርጦ ነው የገባው።

ሰብሳቢው ደቻሳ እንደ ጊዜው ሥርዓት፣ “ጓድ ዘርአጽዮን በቅድሚያ ግለ ሂስ ያድርግ” አለ። ግለ ሂስ ሰው ፊት ቆሞ በገዛ አፍ ራስን መክሰስ ነው። ብልህ ሰው ትንሽዬ ጥፋት መርጦ ያምናል፣ ይታለፋል። ዘርአጽዮን ይህም አልሆነለት።

“ጥፋቱ የእጄ ነው፣ ጓድ ሰብሳቢ።”

“አንተና እጅህ ሁለት ናችሁ?”

“እኔ ልምምድ ቀርቼ አላውቅም፤ ጋሼ ይመስክሩ። ዝናብ ቢሉ፣ ብርድ ቢሉ መጥቻለሁ። የሚቀረው እሱ ነው። ታዲያ የመጣ ዕለት እኔ ካልተገኘሁ ማን ይቀበለዋል?”

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ተክለብርሃን ብቻ አልሳቀም። ልጁ ኃይለኪሮስ “መጣሁ” ብሎ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ባለቤቱ ለተብርሃን እስከ ዛሬ የግቢውን በር አታስቀረቅርም። “ሌባ ልታስገቢብን ነው” ብሎ በተቆጣት ቁጥር መልሷ አንድ ነው፤ “ሲመጣ ማን ይቀበለዋል?”

“ይቆይ የምትሉ” ሲባል መጀመሪያ እጁን ያወጣው አሠልጣኙ ነበር። ሌሎቹ እርስ በርስ ተያዩና ተከተሉት።

በአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ጨዋታ ዘርአጽዮን ተቀይሮ ገባና ኳሷን አጥር አሻገራት። መዳፉን ገልብጦ እያየ፣ ሳይጠሩት ወደ ተጠባባቂው ወንበር ሲመለስ ተክለብርሃን መንገድ ላይ ክንዱን ያዘው።

“ወዴት ነው?”

“ዛሬ እንኳ፣ ጋሼ…”

“ሂድ፣ እዚያው ቁም። ይመጣል።”