በየደጁ የምትሳለም በቅሎ

ጭነት ሁሉ አንድ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ በዕድሜው ከኩታው የከበደ ነገር ተሸክሞ እንደማያውቅ እወቁ። እኔ ከደብረ ታቦር ገበያ እየጫንኩ አገር ላገር ስዞር ነው ያደግሁት፤ ስለ ጭነት ልናገር ብል ማን ይከለክለኛል? ጨው ዝናብ ይፈራል። ማር ምንም አይፈራም፤ የሚፈራው ጫኙ ነው፤ የአገሩ ንብ ሁሉ ንብረቴን መልስ እያለ ይከተለዋልና። እህል የጫነ ሰው በየመንደሩ ዘመድ ይበዛበታል። ሰው በጠፍር እየጎተተ ዳገት የሚያወጣው የመንግሥት መድፍም አለ፤ ስለ እሱ እንኳ አልናገርም፤ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ።

የሁሉም ክፉ ግን ቅቤ ነው። ቅቤ ፀሐይ ይፈራል፤ ከፀሐይ ደግሞ ማን ገላግሎት ያውቃል?

ሐሙሲት አጠገብ የሚኖሩት ባላምባራስ አዛናው ለኅዳር ሚካኤል ድግስ ጨው ተገኘ በሚባል ሰው፣ የገሳይ አገር ቅቤ ደግሞ በእኔ እንዲመጣላቸው አዘዙ። ተገኘም እንደኔው ጫኝ ነው፤ የምንሻማው ግን ጭነት ብቻ አልነበረም። ባላምባራስ አትጠገብ የምትባል ልጅ አለቻቸው። እወዳት ነበር። አንድ ቀን ገበያ ላይ ከባድ ጭነት ሳነሣ አይታ «ጉልበትህን ይባርክልህ» ብላኝ፣ በዚያች ቃል ክረምቱን ሙሉ ስሞቅ ከርሜያለሁ። አባትየው የሁለታችንንም ልብ ያውቃሉ። «ጭነቴን በጊዜው በደኅና ያደረሰ፣ ልጄንም መንገድ ላይ አይጥላትም» ብለው ነበር።

ታዲያ በዚያው ሰሞን በቅሎዬ ሞታብኝ ከአንድ መሪጌታ ሌላ ገዛሁ። መሪጌታው ሲሸጡልኝ «ይህች በቅሎ ሃይማኖት አላት» አሉኝ። ሻጭ ምን የማይለው አለ ብዬ ሳቅሁ።

ቅቤውን በቅል አድርጌ ጫንኩና ማልጄ ወጣሁ። የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ስንደርስ በቅሎዬ ቀጥ ብላ ቆመች። ጎተትኳት፣ ገፋኋት፣ ገብስ አሳየኋት፤ ወይ ፍንክች! ሰደብኳት። አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው የምትል ፍጥረት በስድብ ትበገራለች? ግራ ቢገባኝ ኩታዬን አጣፍቼ አማተብኩ። አልተንቀሳቀሰችም። አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ፤ ልክ አሜን ስል መንገድ ጀመረች። ለካ መሪጌታው በየደጁ ወርደው ጸሎት ሳያደርሱ አያልፉም ኖሯል!

እስቲ ንገሩኝ፤ ከደብረ ታቦር እስከ ሐሙሲት ስንት ደብር አለ? ቆጥሮ የጨረሰ ሰው ካለ፣ እሱ የጫነው ቅቤ አልነበረም። አንዱ ደጅ ላይ ጸሎቱን ከመካከሉ ልዘል ሞከርኩ፤ ጆሮዋን ቀስራ ጠበቀችኝ፤ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ወደ ሙቀቱ አገር በወረድን ቁጥር ቅሉ ያልባል፤ እኔ እጸልያለሁ፣ ቅቤው ይቀልጣል። እረኛው፣ ውሃ ቀጂዋ፣ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያየኛል። ወሬ ደግሞ ጭነት ስለሌለው ይቀድማል።

በበዓሉ ማግሥት፣ ድግሱ ተበልቶ ካበቃ በኋላ ደረስኩ። ከቅቤው እኩሌታው በበቅሎዋ ጎን ወርዶ እሷን አሳምሯታል። ጨውን በዋዜማው ያደረሰው ተገኘ ከእንግዶቹ መካከል ተዝናንቶ ተቀምጧል። ስድቤን ልቀበል አንገቴን ደፋሁ።

ባላምባራስ ግን ራሳቸውን ገልጠው ወጡና «እንኳን ደኅና መጡ! በየደጁ እየተሳለሙ እንደሚመጡ ሰምተናል። ቅቤውስ ይቅር፤ የዚህ ዓለም ነገር ሁሉ ቀላጭ ነው» አሉኝ። ያን ሰሞን «አንተ ባለ በቅሎ» ሲሉኝ የነበሩት ሰውዬ! ደነገጥሁና «ኧረ ባላምባራስ፣ እኔ አይደለሁም፤ የምትሳለመው በቅሎዋ ናት» ብዬ እውነቱን ተናገርኩ። ወደ እንግዶቹ ዞረው «ትሕትናቸውን አያችሁ?» አሉ።

ይህ ሁሉ ምንም አልነበረም። አትጠገብ ከጓዳ ወጣች፤ ጎንበስ ብላ «አባ፣ ይፍቱኝ» አለችኝ። አባ! ልቤ ተሰበረ። ለእንዲህ ያለ ሰው የሚስት ነገር ማንሣት ነውር ነው ተባለና ልጅቱ ለተገኘ ተሰጠች።

ጥር ሲመጣ የሠርጉን ማር ማን ይጫን? የተባረከ እጅ ይንካው ተብሎ እኔው ተጠራሁ። ከጭነት ሁሉ የትኛው ይከብዳል ብትሉኝ ከዚያ ቀን ጀምሮ መልሱን አውቀዋለሁ። አንድ መጽናኛ ብቻ ነበረኝ፤ ከዚች በቅሎ ጋር ከሄድኩ ሠርጉ ካለፈ በኋላ እደርሳለሁ፤ ስትሞሸር አላያትም።

የመጀመሪያው ደጅ ስንደርስ ልማድ ሆኖብኝ ኩታዬን አጣፍቼ ጎንበስ አልኩ፤ ጸሎቱንም እስከ አሜን አደረስኩ። ቀና ስል በቅሎዋ የለችም። ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች እንዲሉ፣ ከእኔ ጋር ስትከርም የኔን ሃይማኖት ተምራ ኖሯል! ከዚያ ወዲያ አንድም ደጅ ላይ አልቆመችም። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ስንሮጥ ሙሽራዋ ገና ሳትለብስ ደረስን።

ባላምባራስ በራቸው ላይ ቆመው ሳለከልክ አዩኝና ቅር እንዳለው ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምነው አባ፣» አሉኝ፤ «ዛሬስ ሳይሳለሙ መጡ?»